ተጠባባቂ

የመብራት ሒሳብ መጣ፥ የሁለት ወር ዕዳ፣
ቀን የነቃ የለ፥ ማታም የለ እንግዳ።
እኔ የሌሊት ዘበኛ፥ ቀን እንደ ግንድ የምተኛ፣
እንጉዳይ ጎህ ሳይቀድ ወጪ፥ የቢሮ ጽዳተኛ።
«ታዲያ ማን በላብን?» አልኩ፥ ወረቀቱን ይዤ፣
ፍሪጁ ያጉረመርማል፥ እኔ ቆሜ ፈዝዤ።

ኖፋር፣ የመጨረሻዋ፥ ያሥራ አንደኛ ተማሪ፣
ከቤተ ሙከራ ተውሳ፥ አመጣች ትንሽ ቆጣሪ፤
ግድግዳው ላይ ይሰኩታል፥ ዕቃው በሱ ላይ ይሰካል፣
አጥፍተን «ተኛ» ያልነውን፥ ትንፋሹን ቆጥሮ ይለካል።

ዐርብ ከሰዓት ነበር፥ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀች፣
ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፥ ሙቀቱን ግንቡ እንዳመቀች፤
ኖፋር ወለሉ ላይ ተደፍታ፥ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች።

የቴሌቪዥኑ ሣጥን፥ ያ ጥቁሩ፣ ያ ዝምተኛው፣
ማንም ዞር ብሎ ሳያየው፥ ዐሥራ ሰባት ዋት በላተኛው!
ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ብቻ። አፈርኩ፤ ስንት ዓመት ሙሉ
እሱን ነበር የማማው፥ በእንግዳ ፊት ሁሉ።
ማይክሮዌቩ ሦስት ዋት፤ ሳያሞቅ ወጥ ወይ ወተት፣
ሰዓት ለመንገር ብቻ፤ ያውም
በእንጉዳይ አቆጣጠር፥ የስድስት ሰዓት ስሕተት።
የኢንተርኔቱ ዘጠኝ።
ያኢር ክፍል ስንገባ፥ ኮምፒዩተሩ ከነስፒከሩ ስምንት።
ደመረች፦ ሠላሳ ስምንት። በሰዓት፣ በቀን ሲባዛ
ሠላሳ ሦስት ሸቀል፥ በየሁለት ወሩ፣
የሰንበት ዶሮ የሚገዛ።

«ይኼ ነገር» አለች፥ «ተጠባባቂ ይባላል፤
የተኛ ይመስላል እንጂ፥ ባንድ ጆሮው ያዳምጣል፤
እስኪጠሩት ነው።»
ዝም አልኩ። ቃሉ ሌላ በር ከፈተ፤
የያኢር የጦር ሻንጣ፥ መዝጊያው ሥር እንደ ተጎለተ።
ከሦስተኛው ጥሪ መልስ፥ ካልሲውን እንኳ አላወጣ፤
ጉርሻ ጉሮሮው ላይ ይቆማል፥ የስልክ ድምፅ ከመጣ።

እናቱም የሱ ተጠባባቂ። ተኝታለች ብዬ፣
ሌሊት ለሥራ ስወጣ፥ ጫማዬን አንጠልጥዬ፣
«ቆልፈው» ትላለች ከጨለማ፥ ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣
እንደዚያች እንደ ቀይ መብራት፥ ሳይጠፋ አድሮ ውሎ።

«እኔስ ስንት ነኝ?» አልኳት፥ «የባዶ ፋብሪካ ጠባቂ፣
ምንም ሳልሠራ የሚከፈለኝ፥ ወንበር ላይ ተጠባባቂ።»
ሣቀች፦ «ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ፥ ሰማንያ ዋት ይፈጃል፤
አባ፣ ከሁሉ ትበልጣለህ፤ ማን ከሶኬት ይነቅልሃል?»

ባባቴ ቤት፣ ወገራ፥ ዐርብ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣
እሳቱ ውኃ ይደፋበታል፤
አንድ ፍም ሳይተርፍ ይከስል።
እራቱ ቀዝቃዛ፣ ቤቱ ጨለማ፥ ድምፅ ብቻ ይቀር ነበር፤
ሰንበትን እኛ ስንጠብቅ፥ ምድጃውም ጠብቆ ያድር ነበር።

ተነሣን። ነቀልን። ሣጥኑን፣ ስፒከሩን፣ ሁሉን፤
ቀያይ ዓይኖች አንድ በአንድ፥ ሲከደኑ አየን አመሻሹን።
ያኢር ከሻወር ወጣ፥ ፀጉሩ ውኃ እየጣለ፣
ሶኬቶቹን አየ፤ እኛን አየ፤ ምንም አላለ።
የስልኩን ቻርጀር ብቻ፥ መልሶ ሰካ ሳይናገር፣
ኮሪደሩ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ፥ እዚያው ከበር።

ስልኩ ሞልቷል። ኖፋር ለካችው፦ ዜሮ። ደግማ ለካች፦ ዜሮ።
እንጉዳይ ከኩሽና ብቅ ብላ አየች፤
«ቆጣሪሽ» አለች፥ «ደንቆሮ!»
ሻማዋን ከመለኮሷ በፊት፥ ነጠላዋን ከራሷ ሳበች፣
«ሰንበት እንዳታየው» ብላ፥ ትንሿን ብርሃን ሸፈነች።